ምንጩ ያልታወቀ ካንሰር እና «አላውቅም» ማለት የሚችል ማሽን

«ግን ከየት ነው የጀመረው?»

የካንሰር ውጤት ሲነገር ቤተሰብ ቶሎ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ብዙ ጊዜ ሐኪሙ መልስ አለው። ከጡት። ከሳንባ። ከትልቁ አንጀት። አንዳንዴ ግን ወረቀቱን ያገላብጥና «ምንጩ አልተገኘም» ይላል። ጉበት ላይ ዕጢ አለ፤ ዕጢው ግን የጉበት አይደለም፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። የመጣበት ቦታ ደግሞ በሲቲ ስካን ቢታይ፣ በኢንዶስኮፒ ቢፈለግ የለም።

ነገሩ ብርቅ አይደለም። ከመቶ የካንሰር ታማሚዎች ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑት እንዲህ ያለ ውጤት ይሰማሉ። ካንሰሩ ሲገኝ ተዛምቶ ስለሆነ ብዙዎቹ ከአንድ ዓመት ያነሰ ጊዜ ነው የሚኖሩት። ለቤተሰብ ደግሞ ሌላም ሕመም አለው። ስም የሌለው ጠላት ነው። «ምን ነበር ያመማት?» ሲባል ምን ተብሎ ይመለሳል?

ዛሬ የምጽፈው በቦስተን ስለተሠራ አንድ ሥራ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለእነዚህ ሰዎች ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን እንደማይችል ካሳዩኝ ሥራዎች ሁሉ ግልጹ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልተርከው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ካንሰር ስሙን የሚያገኘው ከተነሣበት ቦታ ነው። ከሳንባ ተነሥቶ ጉበት የደረሰ ካንሰር የሳንባ ካንሰር ነው፤ የጉበት አይባልም። የጎጃም ሰው አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት ቢቀመጥ ሲናገር ዘዬው ይታወቅበታል አይደል? የካንሰር ሴልም እንደዚያው ነው። ሄዶ ሌላ ቦታ ቢሰፍርም የተወለደበትን አካል ጠባይ ይዞ ይሄዳል። ችግሩ አንዳንዱ ሴል ዘዬውን ጨርሶ መርሳቱ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከየትም የመጣ ሊመስል ይችላል።

የተነሣበት ዕጢስ የት ሄደ? አንዳንዴ እዚያው አለ፤ በጣም ትንሽ ስለሆነ ግን አይታይም። ምንጩ ሳይታወቅ በሞቱ 884 ሰዎች ላይ የተደረጉ የአስከሬን ምርመራዎች አንድ ላይ ተሰብስበው ሲታዩ በ644ቱ ላይ ምንጩ ተገኝቷል። ብዙ ጊዜ ተደብቆ የተገኘው ሳንባና ቆሽት ውስጥ ነው። በተቀሩት ላይ ግን ሰውነቱ ተከፍቶ እንኳ አልተገኘም። ይህን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ ብል ይሻላል። ሐኪሙ ምንጩን ያጣው ስላልፈለገ ላይሆን ይችላላ።

አሁን ወደ ፓቶሎጂስቱ፣ ማለትም ናሙናን በማይክሮስኮፕ ወደሚመረምረው ሐኪም፣ ጠረጴዛ እንምጣ። ከታማሚው ጉበት በመርፌ የወጣው ሥጋ እንደ ክር የቀጠነ ነው። ርዝመቱ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ይህች ክር ፎርማሊን ውስጥ ትነከራለች፣ ከዚያ በሰም ተደፍና ትንሽ ብሎክ ትሆናለች። ብሎኩ በማሽን ይሸነሸናል። አንዱ ሽንሽን ከጸጉር በብዙ እጥፍ ይሳሳል። መስታወት ላይ ተለጥፎ ቀለም ሲነካው የሴሉ አስኳል ሰማያዊ ወደ ሐምራዊ፣ የቀረው ደግሞ ሮዝ ይሆናል። ፓቶሎጂስቱ ዐይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ ያደርጋል። እንደ ቱቦ የተደረደሩ ሴሎች ያያል። «አዴኖካርሲኖማ» ብሎ ይጽፋል። በሰውነት ውስጥ ፈሳሽ ከሚያመነጩ ሴሎች የሚነሣ ካንሰር ማለት ነው። ግን የየት? የሳንባ፣ የቆሽት፣ የጨጓራ፣ የጡት፣ የአንጀት ካንሰር ሁሉ እንዲህ ሊመስል ይችላል።

ስለዚህ ሌላ ሽንሽን ይወስድና ልዩ ማቅለሚያ ያዛል። ቲቲኤፍ-1 የሚባለው ቡናማ ከሆነ ሳንባን ወይም ታይሮይድን ይጠረጥራል። ሲዲኤክስ-2 ከቀለመ አንጀትን። ሲኬ-7 እና ሲኬ-20 የሚባሉት አብረው ሲነበቡ ደግሞ ሌላ ፍንጭ አለ። አንዱ ቀለመ፣ ሌላው ግማሽ በግማሽ ቀለመ፣ ሦስተኛው ጭራሽ እንቢ አለ። ይጨምራል። እያንዳንዱ ማቅለሚያ አንድ ሽንሽን ይበላል። ክሯ ደግሞ አንድ ናት። ምንጩን ስንፈልግ ብሎኩ እያለቀ ይሄዳል። ይህችን ብሎክ ልብ በሏት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

«ካንሰር ካንሰር ነው፤ የትም ይምጣ የት ለምን አይታከምም?» የሚል ሰው ይኖራል። ይታከማል። ምንጩ ላልታወቀው የሚሰጠው የደፈና ኬሞ ነው። ብዙ ዓይነት ካንሰር ላይ ትንሽ ትንሽ የሚሠሩ መድኃኒቶች ተቀላቅለው ይሰጣሉ። አንዳንዱን ይረዳል። ምንጭን ማወቅ ግን ለምን እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ።

ብራፍ የሚባል ጂን አለ። ቪ600ኢ የተባለው ለውጥ ሲገጥመው ሴሉን ያለማቋረጥ «ተባዛ» ይለዋል። ይህን ጂን የሚያግድ ቬሙራፌኒብ የሚባል ክኒን አለ። ለውጡ ባለበት ሜላኖማ፣ ማለትም የቆዳ ካንሰር፣ ላይ ክኒኑ በግማሽ ገደማ ታማሚዎች ዕጢውን ያሳንሰዋል። ያው ለውጥ ያለበት የትልቁ አንጀት ካንሰር ላይ ብቻውን ሲሞከር ግን ከ21 ሰዎች የሠራው ለአንድ ነበር። ጂኑ አንድ፣ ለውጡ አንድ፣ ክኒኑ አንድ። የአንጀት ሴል ግን በሌላ በር ይዞር ነበር፤ ብራፍ ሲዘጋበት ኢጂኤፍአር በሚባል መንገድ ምልክቱን መልሶ ያስነሣዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ይህ ለውጥ ላለባቸው ጠጣር ዕጢዎች ሁለት መድኃኒቶች ተጣምረው እንዲሰጡ ሲፈቅድ እንኳ አንዱን ለይቶ አውጥቷል፤ የትልቁ አንጀት ካንሰርን። ዕጢው የተነሣበት አገር ጉዳይ ይኸው እስከ መድኃኒቱ ፈቃድ ድረስ ገባ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ቦስተን።

ዳና-ፋርበር የካንሰር ኢንስቲትዩት የሚባል ታዋቂ የካንሰር ማዕከል አለ። የታማሚዎችን ዕጢ ዲኤንኤ ማንበብ እዚያ የተለመደ ሥራ ነው። ሁሉንም ዲኤንኤ ሳይሆን ከካንሰር ጋር ግንኙነት ያላቸውን አራት መቶ ገደማ ጂኖች ብቻ። የሚነበበው መድኃኒት ያለው ለውጥ ካለ ለመፈለግ ነው። ምንጩ ያልታወቀ ካንሰር ያለባቸው ሰዎችም ዕጢያቸው እየተነበበ ውጤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ኢንቴ ሙን የሚባል የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የዶክትሬት ተማሪ ከዳና-ፋርበሩ ተመራማሪ ከአሌክሳንደር ጉሴቭ ጋር ሆኖ አንድ ጥያቄ አነሣ። ይህ የተነበበው ነገር ሁሉ የዕጢውን አገር አይናገርም ወይ? አዲስ ናሙና አይወሰድ፤ ታማሚው እንደገና አይወጋ፤ ብሎኩም እንደገና አይሸንሸን። እጃችን ላይ ያለውን ብቻ እንጠይቀው። እኔ በዚህ ሥራ መጀመሪያ የወደድኩት ይህን ነው። ያለውን በአግባቡ መጠቀም።

ምንጩን ከዲኤንኤው የሚገምት የኮምፒዩተር ሞዴል ሠርተው ኦንኮኤንፒሲ አሉት። ለማስተማር ምንጫቸው የሚታወቅ 36,445 ዕጢዎች ተሰበሰቡ። ከዳና-ፋርበር፣ ኒው ዮርክ ካለው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ እና ናሽቪል ካለው ቫንደርቢልት-ኢንግራም። 22 ዓይነት ካንሰሮች ናቸው። ሞዴሉ ብዙዎች እንደሚያስቡት ውስብስብ የነርቭ መረብ አይደለም። ኤክስጂቡስት የሚባል ዘዴ ነው። እጅግ ብዙ ትንንሽ የውሳኔ ዛፎች ይሠራል። እያንዳንዱ ዛፍ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ይህ ጂን ተለውጧል? ያኛው ተባዝቷል? ታማሚው ስንት ዓመቱ ነው? ሴት ናት ወንድ?» ቀጣዩ ዛፍ የፊተኛውን ስሕተት ለማረም ይሠራል። በመጨረሻ ለ22ቱ ካንሰሮች ለእያንዳንዳቸው የመሆን ዕድላቸውን ያወጣል።

ዲኤንኤ ስለ አገር ምን ይናገራል? ብዙ። ሲጋራ የዲኤንኤን ፊደላት የሚቀይርበት የራሱ አሻራ አለው። ያ አሻራ በብዛት ከታየ ሳንባ ይጠረጠራል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርም ሌላ አሻራ አለው፤ እሱ ከተገኘ ቆዳ። ዕጢው ጉበት ውስጥ ተቀምጦ የፀሐይ አሻራ ካለበት፣ ጉበት ፀሐይ አይሞቅም። ቪኤችኤል የሚባል ጂን ከተበላሸ ኩላሊት፣ ኤፒሲ ከተበላሸ ትልቁ አንጀት ይታሰባል። አንዱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ብዙው ሲደመር ግን የሰውዬው ዘዬ መልሶ ይሰማል።

ሌላም ጥሩ ነገር አለው። መልሱን ብቻ ጥሎ አይሄድም። ለእያንዳንዱ ታማሚ የትኛው ምልክት ወደ የትኛው መልስ እንደገፋው ያሳያል። ሐኪሟ «ሳንባ 0.95» የሚል ቁጥር ብቻ ሳይሆን «የሲጋራ አሻራ ይህን ያህል፣ ይህ ጂን ይህን ያህል ገፍቷል» የሚል ዝርዝር ታያለች። ከታማሚው ታሪክ ጋር ታስተያያለች። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ አጭሶ ከሆነ ይገጥማል። ካልገጠመ ደግሞ ቆም ብላ ታስባለች።

ፈተናው መጣ። ሞዴሉ አይቷቸው የማያውቃቸው፣ ምንጫቸው ግን የታወቀ ዕጢዎች ተሰጡት። በ65.2 በመቶው ላይ የመልሱ እርግጠኝነት 0.9 እና ከዚያ በላይ ነበር። በእነዚህ ላይ ትክክለኛነቱ ከ0 እስከ 1 በሚሰላ መለኪያ 0.942 ሆነ። በጣም ጥሩ ነው።

ከዚያ ዋናው ጉዳይ። በዳና-ፋርበር የተሰበሰቡ ምንጫቸው ያልታወቀ 971 ዕጢዎች ቀረቡለት።

በ41.2 በመቶው ላይ በከፍተኛ እርግጠኝነት መለሰ። በተቀሩት ላይ ያን ያህል እርግጠኛ መሆን አልቻለም።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ከግማሽ በታች ነው እንዴ?» ይላል። እኔ ግን የሞዴሉን ዋጋ የማየው እዚህ ላይ ነው። ከ65 ወደ 41 የወረደው ነገሩ ስለከበደ ነው። እነዚህ ዕጢዎች ድሮውንም ጥሩ ፓቶሎጂስቶችን ያስቸገሩ ናቸው። ማሽኑ ከበደኝ ሲል ከበደኝ አለ። ታማሚን የሚጎዳው ሳያውቅ በሙሉ ልብ የሚናገር ነው፤ ሰውም ይሁን ማሽን። በደፈናው ኬሞ ላይ ያለ ሰው በስሕተት ስም ወደ ስሕተት መድኃኒት ቢገባ ያችን ያለችውንም ዕድል ያጣል። ስለዚህ «አላውቅም» የሚል ማሽን ለእኔ ከሚያውቅ ማሽን እኩል ይከበራል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። 41.2 በመቶው ላይ መለሰ፤ ግን ልክ መሆኑን ማን ያረጋግጣል? ምንጩ አይታወቅማ! መልሱ የሌለበት ፈተና በምን ይታረማል?

ተመራማሪዎቹ ሦስት መንገድ ሄዱ። የመጀመሪያው በጣም ገረመኝ። ሰው ሲወለድ ይዞት የሚመጣው የዘር ተጋላጭነት አለ። አንዷ ለጡት ካንሰር፣ ሌላው ለፕሮስቴት ካንሰር ከሌላው ሰው ትንሽ ከፍ ያለ ዕድል ይዘው ይወለዳሉ። ይህ ከዕጢው ለውጥ የተለየ ነገር ነው፤ ከናትና ካባት የመጣ ነው። ሞዴሉ ሲሠለጥን ይህን አላየም። እንግዲህ ሞዴሉ «ይህ የእገሌ አካል ካንሰር ነው» ያላቸው ሰዎች በእርግጥ ለዚያው ካንሰር ከፍ ያለ የዘር ተጋላጭነት ቢኖራቸው፣ ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮች አንድ ቃል ሰጡ ማለት ነው። ተፈተሸ። ገጠመ። በተናጠል አንድን ታማሚ አያረጋግጥም፤ በጅምላ ግን ሞዴሉ በጭፍን እየገመተ እንዳልሆነ ያሳያል።

ሁለተኛው የመኖር ዕድሜ ነው። ሞዴሉ በተለያየ ስም የከፈላቸው ታማሚዎች በተለያየ ፍጥነት ነው የሞቱት። ሁሉም አንድ ዓይነት በሽታ ቢሆን ይህ አይታይም ነበር።

ሦስተኛው ልብ የሚነካው ነው። እነዚህ ሰዎች ሕክምና ሲጀምሩ ሞዴሉ የለም። ሐኪሞቻቸው በራሳቸው ግምት፣ ባላቸው ፍንጭ፣ አንዳንዴም በደፈናው መድኃኒት መርጠዋል። ተመራማሪዎቹ ወደ ኋላ ተመልሰው የተሰጠው ሕክምና ሞዴሉ ከገመተው ካንሰር ጋር የገጠመላቸውንና ያልገጠመላቸውን ለዩ። የገጠመላቸው ረዘም ላለ ጊዜ ኖሩ። የአደጋው ጥምርታ 0.348 ነው። በግርድፉ፣ በማንኛውም ጊዜ የመሞት አደጋቸው ካልገጠመላቸው ሰዎች አንድ ሦስተኛ ገደማ ነበር። ልብ በሉ፤ ሕክምናው ለመፈወስ የታሰበ አይደለም። ዕድሜ ለማራዘምና ስቃይ ለማቅለል ነው። ለአንድ ቤተሰብ ግን የተጨመረ ወር አንድ ሠርግ፣ አንድ ምርቃት፣ አንድ ፋሲካ ነው።

እዚህ ላይ ደስ ብሎን እንዳንሄድ። ይህ ወደ ኋላ ተመልሶ የተጠና ጥናት ነው። ሕክምናው የገጠመላቸው ሰዎች ቀድሞውንም ለየት ያሉ ቢሆኑስ? ምናልባት ዕጢያቸው ዘዬውን ያልረሳ ነበር፤ ስለዚህ ሐኪሙም ጠረጠረ፣ ሞዴሉም ገመተ። ምናልባት ጠንካሮቹ የተመረጠ ሕክምና አገኙ፣ የደከሙት ደግሞ የደፈናውን። ተመራማሪዎቹ ይህን በስሌት ለማስተካከል ጥረዋል። ስሌት ግን ያልተመዘገበን ነገር ማስተካከል አይችልም። እርግጡን የሚያሳየው ታማሚዎች በዕጣ ተከፍለው አንዱ ወገን በግምቱ መሠረት፣ ሌላው በደፈናው ሲታከሙ ነው።

እንዲህ ያሉ ሙከራዎች ከዚህ ሞዴል በፊት በሌላ መመርመሪያ ተሞክረው ነበር። ታሪኩ ቀላል አይደለም። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት 130 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ። የዕጢው የጂን አሠራር ተነብቦ ምንጩ ተገመተ፤ አንዱ ወገን በዚያ መሠረት ታከመ። በአንድ ዓመት ላይ በሕይወት የነበሩት በግምቱ ከታከሙት 44 በመቶ፣ በደፈናው ከታከሙት 54.9 በመቶ ሆነ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ የሚያስተማምን አልነበረም፤ ጥቅም ግን አላሳየም። በፈረንሳዮች የተመራው 243 ሰዎች ያሉበት ሙከራም ጥቅም አላገኘም።

ለምን? አንዱ ምክንያት እንዲህ ይመስለኛል። ከታማሚዎቹ የተወሰኑት የተገመተላቸው ካንሰር እንደ ቆሽት ያለ ነበር። ለእነዚህ የሚሰጠው ኬሞ ከደፈናው ብዙም አይለይም። ስሙን አወቅን፤ መድኃኒቱ ግን ያው ነው። ስም የሚጠቅመው ስሙ ሌላ መድኃኒት ሲከፍት ብቻ ነው።

ቆየት ብሎ እ.ኤ.አ. በ2024 ሻንጋይ ከሚገኘው ፉዳን ዩኒቨርሲቲ የወጣው ውጤት ተስፋ ይሰጣል። 182 ታማሚዎች ነበሩ። 90 ጂኖችን በሚያነብ ምርመራ ምንጩ ተገምቶ በዚያ መሠረት የታከሙት ካንሰሩ ሳይባባስ በአማካኝ 9.6 ወር ቆዩ፤ በደፈናው የታከሙት 6.6 ወር። በዚያው ዓመት ኩፒስኮ የሚባለው ትልቅ ሙከራ ምንጩን መፈለግ ትቶ የዕጢውን ለውጥ ብቻ እያየ መድኃኒት ሲሰጥ ካንሰሩ ሳይባባስ የቆየው 6.1 ወር ሆነ፤ በደፈናው ኬሞ ግን 4.4 ወር። ሁለቱም ፈውስ አይደሉም። ግን በዚህ በሽታ ላይ ለዓመታት ምንም ያልተነቃነቀ ነገር ሲነቃነቅ ማየት ቀላል አይደለም።

ወደ ቦስተኑ ጉዳይ ስመለስ፣ ከሁሉም ቁጥሮች እኔን ያስቆጨኝ አንዱ ነው። ምንጫቸው ቢታወቅ ኖሮ ለዕጢያቸው ለውጥ የተሠራ፣ የጸደቀ መድኃኒት ማግኘት የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። ሞዴሉ ባይኖርም የሚገባቸው ጥቂቶች ነበሩ። ሞዴሉ ሲጨመር ቁጥራቸው 2.2 እጥፍ ሆነ። ተጨማሪ 15 በመቶ ታማሚዎች ማለት ነው። መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ አለ። የዕጢው ለውጥ ኮምፒዩተር ውስጥ አለ። የጎደለው አንድ ቃል ነበር፤ «ሳንባ» ወይም «ጡት» የሚል ቃል። በዚያ ቃል እጦት የደፈናውን ኬሞ ወሰዱ።

ጉድለቱንም ልናገር። ሞዴሉ የሚያውቀው 22 ካንሰሮችን ነው። የታማሚው ካንሰር 23ኛ ቢሆንስ? ካላስተማርከው ስም አይጠራልህም፤ ከሚያውቃቸው ወደሚመስለው ይጠጋል። የእርግጠኝነት ገደቡ የተወሰነውን ይከላከላል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። ሌላው፣ ዕጢዎቹ የሦስት የአሜሪካ ማዕከላት ናቸው። አብዛኞቹ ታማሚዎች የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው። የዘር ተጋላጭነት ስሌቶችም በብዛት የተሠሩት በአውሮፓውያን ላይ ነው። ቦስተን ውስጥ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ሚኒሶታ የሚታከም የእኛ ሰው ይህን ዓይነት ምርመራ ሊያገኝ ይችላል። ሞዴሉ ግን እሱን የሚመስሉ ሰዎችን በብዛት አላየም።

አገር ቤትስ? የዕጢን አራት መቶ ጂኖች ማንበብ ለአብዛኛው ታማሚ የማይደረስ ነው። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል እንደነበር አንርሳ። ከላይ የዘረዘርኳቸው ልዩ ማቅለሚያዎች እንኳ በየቦታው አይገኙም። ስለዚህ የቦስተኑ ሞዴል ነገ ጎንደር ወይም ሐዋሳ ይደርሳል ብዬ አላወራም።

ሁለት ሌሎች ሥራዎች ግን ወደ እኛ ሁኔታ ይቀርባሉ። ቦስተን ውስጥ በብሪገም ኤንድ ዊሜንስ ሆስፒታል የፋይሳል ማህሙድ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ቶድ የሚባል ሞዴል ጂን አይጠይቅም። ያችኑ ሮዝና ሐምራዊ ሽንሽን በፎቶ አይቶ ከ18 ምንጮች ይገምታል። አይቷቸው በማያውቃቸው ዕጢዎች ላይ የመጀመሪያ ግምቱ በ83 በመቶው ትክክል ነበር። ሁለተኛው ከቻይና ቲያንጂን እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ቶርች ነው። በአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩ ታማሚዎች ደረትና ሆድ ውስጥ ከተጠራቀመ ፈሳሽ የተሠሩ የስላይድ ምስሎችን ተማረ። እኛ አገር ከዕጢ ላይ በቀጭን መርፌ ተስቦ የሚታይ ምርመራ እጅግ የተለመደ ነው። ፈሳሽ ቀድቶ ስላይድ ላይ ማየትም እንዲሁ። ማይክሮስኮፕና ጥሩ ካሜራ ባለበት እንዲህ ያለው መንገድ ከጂን ማንበብ ይቀላል። መጀመሪያ ግን በእኛው ስላይዶች፣ በእኛው ማቅለሚያ፣ በእኛው ታማሚዎች ላይ መፈተሽ አለበት። የአንዱ ላቦራቶሪ ሮዝ የሌላው ሮዝ አይደለም፤ ማሽን ደግሞ በዚህ ይታለላል።

ዘመድ ያላችሁ ትኖራላችሁ ብዬ አንድ የምጨምረው አለኝ። ስለዚያች የሰም ብሎክ ነው። ናሙናው ታይቶ ወረቀት ከተጻፈ በኋላ ብሎኩ ይቀመጣል። ታማሚው ሌላ ሆስፒታል ቢሄድ፣ ወደ ውጭ ለሕክምና ቢወጣ፣ ወይም ልጆቹ ናሙናውን ወደ ውጭ ልከው ጂኑ እንዲነበብ ቢፈልጉ የሚያስፈልገው ወረቀቱ ብቻ አይደለም፤ ብሎኩም ጭምር ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን ስለማያውቅ ሰውዬው እንደገና ይወጋል፤ አቅም ካጣ ደግሞ ምርመራው ጭራሽ ይቀራል። ስለዚህ «ምንጩ አልተገኘም» ሲባል ሐኪሙን በአክብሮት እንዲህ ጠይቁ። ከናሙናው የተረፈ አለ? ብሎኩ የት ነው ያለው? የሚያስፈልግ ከሆነ እንዴት እናገኘዋለን? የዕጢው ጂን ቢነበብ ሕክምናውን የሚቀይር ነገር ሊኖር ይችላል?

ሐኪሙ «አይቀይርም» ሊል ይችላል። ያም መልስ ነው። ዕጢው ከሚገመትባቸው ካንሰሮች አንዳቸውም የተለየ መድኃኒት ከሌላቸው ገንዘብን ለምርመራ ከማፍሰስ ለታማሚው ማስታገሻ፣ ለምግቡና ለዕረፍቱ ማዋል ይሻላል። «ሊቀይር ይችላል» ካለ ግን ብሎኩን ተከታተሉ። በታማሚው ስምና በናሙናው ቁጥር ነው የሚፈለገው። ቁጥሩን ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ ዛሬውኑ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት።